ላሚቱ ምን አደረገች?

ሰሞኑን የታተመ አንድ ጽሑፍ የወተት እጥረታችንን ሁሉ በሐበሻ ላም ላይ ደፍድፎታል። ዘሯ ደካማ ነው፤ በውጭው ዘር በሆልስቴይን ካልተተካች ወተት አናይም ባይ ነው። ለመሆኑ ጸሐፊው ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ ከሚያዳቅል ባለሙያ፣ ከአንድ አዳቃይ ጋር ውለው ያውቃሉ?

አዳቃዩ የሚጠቀምበት የኮርማ አባለዘር የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ናይትሮጅኑ ካለቀ የዓለም ምርጥ ኮርማ ዘር ቢሆንም ከንቱ ነው። ላሟ ደግሞ ድራት ላይ፣ ማለትም ኮርማ በምትፈልግበት ሁኔታ፣ የምትቆየው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ነው፤ የእኛዎቹ ብዙ ጊዜ ምልክቱን የሚያሳዩት ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ጠዋት ድራት የታየባት ላም ማታውን መዳቀል አለባት። አዳቃዩ መኪና አጥቶ ከነገ ወዲያ ከደረሰ፣ ሌላ 21 ቀን ያህል መጠበቅ ነው። ይሄም የዘር ጥፋት ይባል?

የሸኮን ላም ጸሐፊው ጭራሽ አላነሷትም። በደቡብ ምዕራብ፣ ቆላ ዝንብ በሚርመሰመስበት አገር፣ ዝንቡ የሚያስተላልፈውን የገንዲ በሽታ ተቋቁማ ትኖራለች። ሆልስቴይን እዚያ ይውሰዱና ይዩት! የሸኮ ዘር ግን አሁን ከሌሎች ከብቶች ጋር እየተቀላቀለ እየጠፋ ነው። የአገር ዘርን በራሱ ማሻሻል እንደሚቻል የሚያሳዩት የመንዝ በግ አርቢዎችስ? ከገዛ መንጋቸው አውራ በግ እየመረጡ በጋራ ያረባሉ።

ማዳቀልን አልጠላም። መኖና ሐኪም ባለበት ከተማ ዙሪያ ዲቃላዋ ወጪዋን ትመልሳለች። ገለባ ብቻ እየበላች ግን ትከሳለች፤ ድራቷም ይጠፋል። መጀመሪያ ለአዳቃዩ ናይትሮጅንና ሞተር ሳይክል፣ ለላሚቱም መኖ ይቅረብ፤ ስለ ዘሯ ከዚያ በኋላ እንከራከር።