ያልተጠየቅነው ጥያቄ



ባለፈው የሻዕባን ወር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ወደ መርካቶ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በአንዲት የሞባይል ካርድ መሸጫ በር ላይ የተለጠፈች ወረቀት አየን። «ጥያቄዎን በአጭር መልእክት ይላኩ፤ መልሱን ወዲያውኑ ያግኙ» ትላለች። ከሥሯ አንድ አጭር ቁጥር አለ። ከቁጥሩ በታች ደግሞ ለአንድ መልእክት 2 ብር እንደሚቆረጥ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ጤና፣ ሃይማኖት፣ ሕግ፣ ትዳር፣ ትምህርት... የማይመልሰው ነገር ያለ አይመስልም። «2 ብር ዛሬ ምን ይገዛል?» አልንና እዚያው ቆመን ሞከርነው።

በመጀመሪያ የወርቅ ዘካ ኒሳብ ስንት ግራም እንደሆነ ጠየቅን። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ «85 ግራም» የሚል መልስ መጣ። ትክክል ነው። ቀጥለን ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለውን ርቀት ጠየቅን። «400 ኪሎ ሜትር ያህል» አለን። ይህም ትክክል ነው። ተደስተን ወደ ቤት ሄድንና ለጎረቤት ሁሉ አወራን። ጥፋታችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ወሬያችንን ከሰሙት መካከል ለብዙ ዓመታት በስኳር በሽታ የኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። «እስቲ ልጆቼ፣ ለእኔም ጠይቁልኝ፤ ረመዳን መጣ፣ መጾም ካልቻልኩ ምን ላድርግ?» አሉን። ጻፍንላቸው። መልሱ እንዲህ የሚል ነበር፦ «የታመመ ሰው ያፈጥራል፤ በኋላም ቀኑን ያካክሳል።» እናታችን ልባቸው አረፈ። «ጀዛኩሙላህ ኸይር» ብለው መረቁን። ረመዳንን እያዘኑም ቢሆን አልጾሙም።

ዒድ ካለፈ በኋላ ግን ቀዷቸውን መጾም ጀመሩ። «ተካክሷል እንዲባልልኝ» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ዐስር ሰላት አካባቢ፣ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ እናቷን በላብ ተነክረው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ተወላግዶ አገኘቻቸው። ደግነቱ ነገሩ ገብቷት ስኳር የበዛበት ውኃ ቶሎ አጠጣቻቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ። እኛ ግን የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

በማግስቱ ይዘናቸው ወደ ሰፈራችን መስጂድ ኡስታዝ ሄድን። ኡስታዙ ጥያቄውን ሰምተው ወዲያው አልመለሱም፤ እሳቸው ራሳቸው ይጠይቁ ጀመር። «እናታችን፣ ሕመሙ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው? የሚወስዱት ኪኒን ነው መርፌ? ሐኪምዎ ስለ ጾም ምን አለ?» እናታችን ኢንሱሊን እንደሚወጉ፣ ሐኪማቸውን ግን ጠይቀው እንደማያውቁ ተናገሩ። «እንግዲያውስ መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ከዚያ ወደ እኔ ይመለሱ» አሏቸው። ሐኪሙም በእሳቸው ሁኔታ ጾም አደገኛ እንደሆነ ቁርጡን ነገራቸው። ሲመለሱ ኡስታዙ ነገሩን አብራሩ፦ ጾሙን በሌላ ቀን ማካካስ ይድናል ተብሎ ተስፋ የሚደረግበት ሕመም ላለበት ሰው ነው። ሕመሙ የማይለቅ የሆነበት ሰው ግን ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል እንጂ ቀዷ አይጠበቅበትም።

ታዲያ ያ መልእክት ዋሽቶ ነበር? አልዋሸም። በወባ ወይም በጉንፋን ለተኛ ሰው ትክክለኛ መልስ ነው። ስህተቱ የማንን ጥያቄ እንደሚመልስ አለማወቁ፣ ለማወቅም አለመጠየቁ ነው።

በስልክ አጭር መልእክት መላክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1992 በእንግሊዝ አገር ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። እንግዲያው ጥፋቱ የቦታ ጥበት ነው እንዳንል፣ ለእናታችን የመጣውን መልስ ቆጠርነው፤ ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተጨምሮ 30 ነው። «ሕመምዎ የቆየ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ሰፊ ቦታ ነበረው።

ጥያቄን በገንዘብ በመልእክት መመለስ አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ አንድ አገልግሎት ለአንድ ጥያቄ 1 ፓውንድ ያስከፍል ነበር። በአሜሪካም «ቻቻ» የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሰውን ጥያቄ ሲመልስ ቆይቶ በ2016 ተዘግቷል። በአገራችን ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የተከፈተው 8028 አለ። እሱ በነጻ ነው፤ የሚናገረውም ስለ እርሻ ብቻ ነው። ልኩን ያወቀ አገልግሎት እንዲህ ነው።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በጉዞ ላይ አንድ ሰው ድንጋይ ራሱን ፈነከተው። ከዚያ ትጥበት ግዴታ ሲሆንበት ተየሙም ይፈቀድለት እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። «ውኃ እያለ አይፈቀድልህም» አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ መላሾቹን አጥብቀው ወቀሷቸው፤ የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነም አስተማሩ። ልብ በሉ፤ ተወቃሹ ጠያቂው አይደለም። ሳያውቁ የመለሱት ናቸው። ታላቁ ኢማም ማሊክም ለብዙ ጥያቄዎች «አላውቅም» ይሉ እንደነበር ይነገራል። 2 ብር የሚያስከፍል ቁጥር «አላውቅም» ቢል ግን ነገ ማን ይልክለታል?

ወጣቶች ሆይ፣ ስልኩ በእጃችሁ ነው፤ እናትና አባታችሁም የሚጠይቁት በእናንተ ጣት ነው። ለሰው ሁሉ አንድ የሆነውን ነገር፣ ርቀቱንም ሆነ ኒሳቡን፣ በመልእክት ብትጠይቁ አይከፋም። የፍቺ፣ የውርስ፣ የሕመም ጉዳይ ግን መልሶ ለሚጠይቃችሁ ሰው ይቅረብ። ደቃቁን ጽሑፍም አንብቡ፤ እኛ ሳናነበው ቀርተን ለካ በየቀኑ 2 ብር የሚቆረጥብን ደንበኛ ሆነን ተመዝግበን ነበር። የማቆሚያውን ቃል ልከን የተገላገልነው ከሳምንት በኋላ ነው።

እናታችን ዛሬ ደህና ናቸው። ለ30ው ቀን 30 ምስኪን ለማብላት ወጥ ሲሠሩ ሽንኩርቱን የከተፍነው እኛ ነን። ዕዳችን ነበረና።