የጠፈርተኛው ትከሻና የሰው ቤት ገንዳ

አንድ አውሮፓዊ ጠፈርተኛ የአሜሪካኖቹን የጠፈር ልብስ ለብሶ ከዓለም አቀፉ ጣቢያ ውጭ ለመሥራት ሲታጭ ዋናውን ልምምድ የሚያደርገው በአገሩ ሳይሆን ሂዩስተን በሚገኘው የናሳ ገንዳ ነው። ገንዳው 62 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ጥልቀት አለው። ጠፈርተኛው እንዳይሰምጥም እንዳይንሳፈፍም ተመጣጥኖ እስከ ስድስት ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቆያል።

ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን መስጠም ነው። ጠላቂዎች ግን ከአጠገቡ አይለዩም፤ ችግሩ ያለው ትከሻው ላይ ነው። ውሃው የሚሸከመው ልብሱን እንጂ በውስጡ ያለውን ሰው አይደለም። ሰውየው ቁልቁል ሲዘቀዘቅ ክብደቱ በጠንካራው የደረት ክፍል በኩል ትከሻው ላይ ያርፋል። ናሳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስጠናው ጥናት የትከሻ ጉዳትን ከዚሁ ልምምድ ጋር አያይዞታል።

ልኩም ሌላ ጣጣ ነው። አን ማክሌይን መካከለኛውንም ትልቁንም ልብስ ለብሳ ተለማምዳ ነበር። መካከለኛው እንደሚሻላት የተረዳችው ግን እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ጠፈር ላይ ከሠራችበት በኋላ ነው። (ዝግጁ የነበረው አንድ ብቻ በመሆኑ ቀጣዩ ተራ አልፏታል።)

እንግዲህ በሰው ገንዳ የሚለማመድ፣ ተራውንም ለዓመታት የጠበቀ እንግዳ «ትከሻዬን አመመኝ» ብሎ ለመውጣት ይደፍራል ወይ? አውሮፓውያኑ ኮሎኝ ላይ 10 ሜትር ጥልቀት ያለው የራሳቸው ገንዳ አላቸው፤ መሠረታዊውን ትምህርት እዚያ ይሰጣሉ። ብቃቱ የሚመዘነው ግን ሂዩስተን ነው።