የእጥበት ታካሚው ገበታ፦ ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የኩላሊት እጥበት ለሚደረግላቸው ሰዎች የአመጋገብ ምክር የሕክምናው አካል ሆኖ እንዲደራጅ ስለመጠየቅ

ኩላሊት ደምን የማጣራት ሥራውን ሲያቆም ያንን ሥራ በከፊል የሚተካው በማሽን የሚሰጠው ሕክምና፣ በሐኪሞች አነጋገር ዲያሊሲስ በሕዝቡ አነጋገር ደግሞ እጥበት የሚባለው፣ በተለመደው መጠን በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለአራት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ሳምንት 168 ሰዓት ስለሆነ ማሽኑ የሚሠራው 12 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ በቀሩት 156 ሰዓታት በታካሚው ደም ውስጥ ምን እንደሚጠራቀምና ምን እንደሚጎድል የሚወስነው በአብዛኛው ወጥ ቤቱ ነው። የጤና ቢሮው ትኩረት በማሽኑ፣ በማጣሪያውና በመድኃኒቱ ላይ መሆኑ የሚያስወቅስ ባይሆንም፣ ሽሮውን የምትሠራው እናት ወይም ሚስት ከሕክምናው ውጭ እስከቆየች ድረስ ግን ሕክምናው ጎዶሎ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጠረው ታካሚው ወደ እጥበት በሚሸጋገርበት ጊዜ ነው። ኩላሊቱ እየደከመ ሳለ፣ እጥበት ከመጀመሩ በፊት፣ ፕሮቲን እንዲቀንስ ይመከራል፤ ፕሮቲን ማለት ሰውነትን የሚገነባው፣ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተት፣ በዓሣና በጥራጥሬ የሚገኘው የምግብ ክፍል ነው። እጥበት ሲጀመር ምክሩ ተገልብጦ ታካሚው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑት አሚኖ አሲዶች በማጣሪያው በኩል ከቆሻሻው ጋር አብረው ይወጣሉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ማግኘት አለበት ማለት ሲሆን፣ አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህን መገልበጥ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ባለሙያ ያላገኘ ታካሚ «ሥጋና እንቁላል ተከልክለሃል» የሚለውን የድሮ ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ቁስሉ አይድንም፣ ቤተሰቡም በሽታው እንደበረታበት ያስባል፤ የበረታበት ግን ረሃብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጨውና ጥም ነው። ሽንት የቀነሰበት ወይም የጠፋበት ሰው የጠጣው ውኃ እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ በሰውነቱ ይቆያል፣ እግሩ ያብጣል፣ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል፤ ውኃው በአንድ እጥበት በብዛት ሲወጣም የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ጡንቻውም ይሸማቀቃል። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ውኃ ቀንስ» የሚል ነው፤ ነገር ግን በአዳማ ወይም በመተሐራ ሙቀት ጨው የበላን ሰው ውኃ ቀንስ ማለት በከንቱ ማስጨነቅ ይሆናል፣ ምክንያቱም 8 ግራም ጨው አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ጨው ደግሞ የሚገባው በማንኪያ ብቻ አይደለም። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ከቅመሙ ጋር አብሮ የሚፈጭበት ቤት ብዙ ነው፣ ሚጥሚጣውም እንደዚያው፤ ስለዚህ ወጡ ላይ ጨው ሳትጨምር «የእሱ ለብቻው ነው» ብላ በትንሽ ድስት ያቀረበችለት ሴት ሳታውቀው ጨው አቅርባለች። ቡና በጨው የሚጠጣበት አካባቢ መኖሩም ሊዘነጋ አይገባም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ለታካሚው በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው እንዳይገባበት፣ ጣዕሙ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በሎሚ ጠብታ እንዲሞላ መምከር ነው። ይህን ለማወቅ ግን መካሪው በርበሬ እንዴት እንደሚሰናዳ ማወቅ ይኖርበታል፤ ከባሕር ማዶ የተተረጎመ የክልክል ዝርዝር ስለ ታሸገ ሾርባ እንጂ ስለ ድልህ አይናገርም።

ሦስተኛው፣ በድንገት የሚገድለውም እሱ ነው፣ ፖታሲየም ነው። ፖታሲየም በአትክልት፣ በፍራፍሬና በሥራሥር ውስጥ በብዛት የሚገኝ ማዕድን ሲሆን፣ ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወግደዋል፤ ኩላሊቱ የቆመ ሰው ደም ውስጥ ግን ተጠራቅሞ የልብን ምት ያዛባል፣ ሲብስም ልብን ያቆማል። የስምጥ ሸለቆው ምድር የፍራፍሬና የአትክልት ምድር ነው፤ የመቂና የባቱ ቲማቲም፣ ፓፓያው፣ ሙዙና ብርቱካኑ በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይሸጣል፣ በአዳማ ጭማቂ ቤቶችም አቮካዶው ከማንጎው ጋር ተደራርቦ በማንኪያ ይበላል። በ100 ግራም አቮካዶ ውስጥ 485 ሚሊ ግራም፣ በ100 ግራም ሙዝ ውስጥ 360 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየም አለ፤ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ለእጥበት ታካሚ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። አገራዊው የአመጋገብ መመሪያ፣ በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ ፍራፍሬና አትክልት በየቀኑ እንዲበላ ይመክራል፤ ለጤነኛው ትክክል የሆነውን ይህን ምክር ሰምቶ «ፍራፍሬ ጤና ነው» ብሎ የሚጠጣውን ታካሚ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ድንችን በተመለከተ ደግሞ ልጦ፣ በትንንሹ ከትፎ፣ በብዙ ውኃ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ፖታሲየሙን እስከ ግማሽ ሊቀንሰው ይችላል፤ ያንኑ ድንች ከነውኃው ወጥ ማድረግ ግን ምንም አይቀንስም። በጨው ምትክ የሚሸጡ አንዳንድ «ጤናማ ጨዎች» የተሠሩት ከፖታሲየም ክሎራይድ መሆኑም በግልጽ መነገር አለበት።

ስለ ፎስፈረስ፣ ሲበዛ አጥንትን ስለሚያመነምነውና የደም ሥርን ስለሚያደርቀው ማዕድን፣ ባጭሩ ሁለት ነገር ይበቃል። በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አንጀት በቀላሉ ከማይፈታው ውሕድ ጋር ተሳስሮ ስለሚገኝ ከሥጋው ያነሰ ይመጠጣል (የእንጀራው ቡኮ በእርሾ ሲቦካ ግን ይህ ትስስር በከፊል ይላላል)፤ በኮላ መጠጦችና በፋብሪካ ምግቦች ላይ የሚጨመረው ግን አብዛኛው ወደ ደም ይገባል። እንዲሁም ፎስፈረስን አንጀት ውስጥ ይዞ የሚያስቀረው ክኒን ከምግብ ጋር ካልተዋጠ ዋጋ የለውም።

ጾም በዚህ ደብዳቤ ለብቻው መነሣት ያለበት ነው። ምእመናን የሚጾሟቸው የኦርቶዶክስ አጽዋማት ተደምረው በዓመት ወደ 180 ቀን ይጠጋሉ፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኘው ፕሮቲን ለግማሽ ዓመት ያህል ከገበታው ይወጣል፣ በቦታውም ሽሮና ምስር ይተካል። ሽሮና ምስር የሚናቁ አይደሉም፤ ነገር ግን ለ60 ኪሎ ሰው የሚበቃውን ፕሮቲን ከእነሱ ብቻ ማግኘት ብዙ መብላት ይጠይቃል፣ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ የእጥበት ታካሚ ደግሞ ብዙ አይበላም። የባቱ ሐይቅ ዓሣ የሆነው ቆሮሶ በ100 ግራም የበሰለ ሥጋው ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን የሚሰጥ፣ በአካባቢው የሚጠመድ ምግብ ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግን የሐኪም ሥራ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛውን በንስሐ አባቱ በኩል ታቃልልለታለች፣ እስልምናም ሕመምተኛውን ከረመዳን ጾም ነፃ ያደርገዋል፤ ይሁን እንጂ ታካሚው ይህን ከነርስ ሲሰማውና ከካህኑ ወይም ከኢማሙ ሲሰማው አንድ አይደለም። ቢሮው ካህናቱንና ኢማሞቹን ከጎኑ ማሰለፍ ይኖርበታል። የጾም ፍቺውም ቀን ከጾሙ ያላነሰ አደገኛ ነው፦ በፋሲካ ማለዳ ጥሬ ሥጋ፣ ድልህና ጠላ፣ በኢፍጣርም ተምርና ጭማቂ በአንድ ገበታ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለው ገበታ በሁለት እጥበቶች መካከል ሲውል ጉዳቱ ይብሳል። በ2011 እ.ኤ.አ. ከ32 ሺሕ በላይ የአሜሪካ የእጥበት ታካሚዎችን መረጃ የመረመረ ጥናት ሞት የሚበዛው በሁለት እጥበቶች መካከል ካለው ረጅሙ ክፍተት በኋላ መሆኑን አሳይቷል፤ በአቅም ማነስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚታጠብ ሰው ክፍተቱ ከዚያም ይረዝማል፣ የምግብ ስሕተቱም ይበልጥ ይከብዳል።

ስለ አቅም ከተነሣ፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271 ከአጣዳፊ የኩላሊት መድከም በስተቀር እጥበትን ከሚሸፍናቸው አገልግሎቶች ውጭ አድርጎታል። የዚህ ሕግ መስተካከል ከክልል ቢሮ ሥልጣን በላይ በመሆኑ እዚህ አይጠየቅም። ማስታወስ የሚገባው ግን ለእጥበት ንብረቱን የሸጠ ቤተሰብ ቀጥሎ የሚቀንሰው እንቁላሉንና ሥጋውን መሆኑን ነው።

የአካባቢው ውኃም የራሱ ጣጣ አለው። የወንጂ ሠራተኞች ጥርስና አጥንት ለዘመናት ጉዳቱን የመሰከረበት፣ ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን በላይ ይገኛል፤ ፍሎራይድ ደግሞ ከሰውነት የሚወገደው በዋናነት በኩላሊት ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ሲጠጣ፣ የታካሚው ደም ግን በአንድ እጥበት ብቻ ከ120 ሊትር ያህል ውኃ ጋር በስስ ማጣሪያ በኩል ይገናኛል፤ ስለዚህ ለማሽኑ በሚገባው ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ0.2 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ይህ መለኪያ በየእጥበት ክፍሉ በየጊዜው ተመርምሮ ውጤቱ ለታካሚዎች ቢለጠፍ ማንንም አይጎዳም።

ከቢሮው የሚጠየቀው እንግዲህ ጥቂት ነው። በክልሉ በሚገኝ እያንዳንዱ የእጥበት ክፍል፣ የግልም ሆነ የመንግሥት፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲኖር፣ ካልሆነም አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ ከተማ ከተማ እየዞረ እንዲያይ፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ከጨጨብሳ እስከ ሽሮ፣ ከገንፎ እስከ ዓሣ ጉላሽ የአካባቢውን ምግብ በስሙ የሚጠራ፣ ክልክሉን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም የሚያሳይ መምሪያ እንዲታተም፤ ምክሩም ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ድስቱን ለምትይዘው ሰው አብሮ እንዲሰጥ። ታካሚው በማሽኑ ሥር አራት ሰዓት ይቀመጣል፣ ቤተሰቡም በራፉ ላይ አራት ሰዓት ይጠብቃል፤ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ጊዜ ስለማይገኝ ቢሮው ሥራውን ከዚያው በራፍ እንዲጀምር በአክብሮት ይጠየቃል።