አያቶችም መድረክ ላይ ይውጡ

በእስራኤል መዋዕለ ሕፃናትና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዓመቱን የሚዘጉት ጁን 30 ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት የድግስ ናቸው። ሕፃናቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ይዘምራሉ፤ ወላጆች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይቀርጻሉ።

በሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ክብደት ያለው ሌላ ዝግጅት አለ። ማንበብ የቻለ የአንደኛ ክፍል ተማሪ «ሲዱር» የተባለውን የጸሎት መጽሐፍ ይረከባል፤ ኦሪት መማር ሲጀምር «ሑማሽ» የተባለው የኦሪት መጽሐፍ ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ ሽፋኑን የሚያስጌጡት እናትና አባት ናቸው፤ የልጁ ስም በጥልፍ ይሰፍርበታል። ከፕላስቲክ ሜዳሊያ ይልቅ በማግስቱ የሚከፈት መጽሐፍ መሸለም ብልህነት ነው።

ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ዕብራይስጡ የማይገባቸው አያት ግን ከኋላ ወንበር ሆነው አጨብጭበው ሊመለሱ ይችላሉ። ይህ ያስቆጫል።

በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ በግዕዝ የሚጸልዩት ቄሶችም አብረው ነበሩ። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ2008 የቤተ እስራኤላውያንን በዓል ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎታል፤ በዓሉ ግን በዓመት አንዴ ነው። የትምህርት ቤት ድግሶች አያቶችን ለማክበር ከዚያ በላይ ዕድል ይሰጣሉ።

ወጪውም ብዙ አይደለም። ሲዱሩ ከመታደሉ በፊት አንድ ቄስ በግዕዝ ይመርቁ፤ መጽሐፉን ለልጁ አያቱ ያስረክቡት። ግብዣውም በአማርኛና በትግርኛ ይላክ፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ተደውሎ ይነገራቸው። የወላጅ ኮሚቴዎች ሴፕቴምበር 1 ትምህርት ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ስብሰባቸው ጉዳዩን ቢያነሱት ለዝግጅት በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል።