ርካሹ ጽዳትና ውዱ ስሕተት

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ደመወዝዎን ከተቀበሉ ሁለት ሳምንት ያለፈ እንደ ሆነ፥ ወይም ከቤተ ሰብ የተላከልዎ ገንዘብ ያለቀብዎ እንደ ሆነ፥ የዛሬው ጨዋታችን በተለይ ለእርስዎ ነው። አንዲት ክፍል ተከራይተው፥ ከአልጋዎ አጠገብ ምድጃዎን፥ ከምድጃዎ አጠገብ መጻሕፍትዎን አስቀምጠው ለሚኖሩት ለእርስዎ፥ ቤትን በንጽሕና ለመያዝ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ጥቂት ዕውቀት መሆኑን ለማስረዳት እወዳለሁ።

ወደ ሱቅ ገብተው መደርደሪያውን ቢመለከቱ፥ ለመስተዋቱ አንድ ጠርሙስ፥ ለሽንት ቤቱ ሌላ ጠርሙስ፥ ለድስቱ ሌላ፥ ለወለሉ ሌላ፥ ለመጥፎ ሽታም ደግሞ ሌላ ተሰልፎ ያገኛሉ። ሁሉንም ልግዛ ያለ ሰው ነገሩ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል። ለአንዲት ክፍል ቤት ሣሙና፥ አቼቶ ወይም ሎሚ፥ ቤኪንግ ሶዳና ጨው ይበቃሉ። ነገር ግን ስለ እነዚህ ከመናገሬ በፊት፥ በገዛ እጄ የሠራሁትን አንድ ስሕተት ላጫውትዎ። ርካሽ ነገር ሁሉ ጉዳት የሌለው አለመሆኑን የተማርሁት ከዚያ ነውና።

ዘመኑ 1998 ዓ.ም.፥ ወሩም ጳጉሜን ነበር። ሥራ ከያዝሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። እናቴ እንቁጣጣሽን ከእኔ ጋር ለመዋል ከአገር ቤት ልትመጣ ስለ ሆነ፥ ክፍሌን ከጨረስሁ በኋላ በግቢው ውስጥ ያለችውን ጠባብ መታጠቢያ ቤት ላጸዳ ተነሣሁ። በወለሉ ላይ በረኪና አፈሰስሁ። በቧንቧው ሥር ያለው ቡናማ እድፍ ግን አልለቅ አለኝ። «በረኪና ብቻውን እንዲህ ከበረታ፥ አቼቶ ቢጨመርበትማ እንዴት ይበረታ ይሆን!» ብዬ ግማሽ ጠርሙስ አቼቶ አምጥቼ ከላዩ ደፋሁበት፤ ውሃው ወደ ውጭ እንዳይረጭም በሩን ዘጋሁ።

አንድ ደቂቃ እንኳ የቆየሁ አይመስለኝም። ዓይኔ አለቀሰ፤ በርበሬ የታጠንሁ ይመስል ጉሮሮዬ ተቃጠለ፤ ትንፋሼ አጠረ። በሩን አግኝቼ የወጣሁት በዳበሳ ነው። አከራዬ ሳሌን ሰምተው ከወጥ ቤት ሮጠው መጡና «ልጄ፥ ምን ነካህ?» እያሉ ክንዴን ይዘው ነፋስ ካለበት ቦታ አስቀመጡኝ። ነገሩን በስንት መከራ ስነግራቸው «አይ የዘመኑ ልጅ! ወለሉን አጥባለሁ ብለህ ነፍስህን አጥበሃት ልትቀር ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሳልሁ። እናቴም ስትመጣ ያገኘችው ንጹሕ ቤትና ድምፁ የተዘጋ ልጅ ነበር።

ነገሩ ምን እንደ ነበረ የተረዳሁት በኋላ ነው። በረኪና፥ ስሙ ከኢጣልያንኛ የመጣ፥ በውስጡ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ነገር የያዘ ነው። ይህ ነገር አቼቶ፥ ሎሚ ወይም ሌላ አሲድ የነካው እንደ ሆነ ክሎሪን የተባለው ጋዝ ይወጣል። ክሎሪንን በ1774 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለይቶ ያገኘው ካርል ሼሌ የተባለው በስዊድን አገር የነበረ መድኃኒት ቀማሚ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በኤፕሪል 22 ቀን 1915 እ.ኤ.አ.፥ የጀርመን ጦር በቤልጅግ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ በጠላቱ ምሽግ ላይ የለቀቀው መርዝም ይኸው ጋዝ ነበር። እንግዲህ እኔ በጠባብ ክፍል በሬን ዘግቼ የሠራሁት የዚያኑ መርዝ ታናሽ ወንድም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ቢሆን፥ ይህን ያስታውሱ፦ በረኪና ከውሃ በቀር ወዳጅ የለውም። ከአቼቶ፥ ከሎሚ፥ ከሌላም የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉት። አንዳንድ የመስተዋት ማጽጃ አሞኒያ ስላለበት፥ እርሱም ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሌላ መርዛም ጋዝ ይወልዳል። ሳያውቁ ቀላቅለው የተገኙ እንደ ሆነ፥ ዕቃውን ለማንሣት አይዘግዩ፤ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ፤ ጋዙ ሳይበተን አይመለሱ። ትንፋሽዎ እንዳጠረ ከቀጠለ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

አሁን ወደ ርካሾቹ ወዳጆቻችን እንመለስ። ማጽዳት ማለት እድፍን ከሚፈታው ነገር ጋር ማገናኘት ነው እንጂ ያገኙትን ሁሉ ማፍሰስ አይደለም። ቅባት ሣሙናንና ሶዳን ይፈራል። ውሃ ሲፈላ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚለጠፈው ነጭ ቅርፊት ደግሞ አቼቶንና ሎሚን ይፈራል። ይህን ያወቀ ሰው የጽዳትን ሥራ ግማሹን ጨረሰ።

ቤኪንግ ሶዳን እንመልከት። ይህ ቤኪንግ ፓውደር ከሚባለው የተለየ ስለ ሆነ፥ ሲገዙ ስሙን በደንብ ያንብቡ። ወጥ ያረረበትን ድስት በሽቦ ሲፍቁ ከማምሸት፥ ያረረውን የሚሸፍን ያህል ውሃ ጨምረው፥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በትነው አሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ ያፍሉት፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በእንጨት ማንኪያ ቢገፉት ይለቃል። ድስትዎ ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ ግን ሶዳ ያጠቍረዋልና ይተዉት፤ በሣሙናና በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት። ጫማዎም የሚሸት እንደ ሆነ ጥቂት ሶዳ በትነውበት ያሳድሩና ጧት አራግፈው ይጫሙት። የቢሮ ባልደረባዎ በአፉ ባያመሰግንዎ በልቡ ያመሰግንዎታል።

አቼቶ ደግሞ በሱቅ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶው አምስት እጅ ያህል አሲድ ያለበት ነው። ነጭ ቅርፊት የያዘ ማንቆርቆሪያ ሲኖርዎ፥ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ጨምረው ያፍሉና ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ ከዚያም አፍስሰው ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። መስኮትና መስተዋትም በዚሁ ድብልቅ ተወልውሎ በአሮጌ ጋዜጣ ቢታሽ ያበራል፤ ያነበቡት ጋዜጣ ሁለተኛ ጥቅም አገኘ ማለት ነው። ነገር ግን አቼቶና ሎሚ እብነ በረድንና የሲሚንቶ ወለልን ይበላሉ። እንዲህ ያለው ወለል የሚፈልገው ሣሙናና ውሃ ብቻ ነው። ሽንኩርት የሚከትፉበት እንጨት ሲሸት ደግሞ ጨው ነስንሰው በግማሽ ሎሚ ይሹት፤ ከዚያም አጥበው ፀሐይ ላይ ያቁሙት።

ምናልባት «ሶዳውንና አቼቶውን ባንድነት ብጨምራቸውስ? ሲንተከተኩ አይቻለሁ» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፥ ይንተከተካሉ፤ መርዝም አይወጣቸውም። የሚወጣው አረፋ በአምቦ ውሃ ውስጥ የሚያዩት ያው ጋዝ ነው። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ኀይል አጥፍቶ፥ በመጨረሻ የሚቀርዎ ጥቂት ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ነው። ስለዚህ በየተራ ይሥሩባቸው፤ ባንድነት የሚያፈስሱት ገንዘብዎን ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ ጥበብ እንዳይመስልዎ። እናቶቻችን ድስቱን በአመድ፥ የጠላውን ጋን በግራዋ ቅጠል፥ ነጠላውን በእንዶድ ሲያጥቡ ኖረዋል። አመድ ቅባትን የሚፈታው እንደ ሶዳ ያለ ጠባይ ስላለው ነው። የእንዶድ ታሪክማ በዓለም የታወቀ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሲመራመሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱ ነበሩ። ከዚያ በተነሣው ምርምር ምክንያት ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ ግን ሌላም ትምህርት አለ። እንዶድ ቀንድ አውጣን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል። ከዛፍ ስለ ተለቀመ ብቻ አንድ ነገር የዋህ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ እንዶድን ለልብስ ይተዉት፤ ለመመገቢያ ዕቃ አያድርጉት፤ እጣቢውንም ወደ ወንዝ አይድፉ።

አሁን ደግሞ ሳልደብቅ የምነግርዎ ነገር አለ። አቼቶና ሎሚ እድፍን ያስለቅቃሉ እንጂ የበሽታ ተሕዋስያንን ሁሉ ይገድላሉ ብለው አይመኑባቸው። በዘወትር ቀን ሣሙናና ውሃ በቂ ነው። በቤትዎ ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ያለ እንደ ሆነ ግን በረኪና ተራው ደረሰ። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከተጻፈበት፥ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መጀመሪያ ቦታውን በሣሙና አጥበው ያለቅልቁ፤ ከዚያ በበረኪናው ውሃ አርጥበው አሥር ደቂቃ ያቆዩት፤ በሩም መስኮቱም ክፍት ይሁን።

አንድ የመጨረሻ አደራ። በረኪና ወይም ላምባ በተጠጣ የውሃ ጠርሙስ ገልብጠው አያስቀምጡ። እርስዎ ቢያውቁት እንኳ፥ የሰፈር ልጅ ተጫውቶ ተጠምቶ ሲገባ የሚያየው ጠርሙሱን ነው፤ ውስጡን አይጠይቅም። የጠጣ ሰው ቢያጋጥም እንዲያስመልስ አያስገድዱት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥለዋልና። አፉን በውሃ አጕመጥሙጠው፥ ጠርሙሱን ይዘው ፈጥነው ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የፊታችን እሑድ ጧት መስኮትዎን ከፍተው፥ አንድ ሎሚ፥ አንድ ጥቅል ሶዳና አንድ ጨርቅ ይዘው ይጀምሩ። እስከ ቡና ሰዓት ይጨርሳሉ። እናትዎም ሳይነግሩዎ ድንገት ቢመጡ፥ ቤትዎ ንጹሕ፥ ድምፅዎም ጤነኛ ሆኖ «እንኳን ደኅና መጡ» ለማለት ይችላሉ።