በጣት ስለሚነበብ ካርታ

ካርታ፤ ሰው በእግሩ ያልደረሰበትን አገር በቤቱ ተቀምጦ እንዲያውቅ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ካርታ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ለሚያይ ዓይን ብቻ ስለ ሆነ፤ ዓይነ ስውሩ ከዚህ ዕውቀት ተለይቶ ይቀራል። ይህም የሚሆነው ከመሣሪያ ማጣት እንጂ ከአእምሮ ጕድለት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ዜማውንና ቅኔውን በጆሯቸው ተቀብለው ለመምህርነት እንደ በቁ የታወቀ ነው። ነገር ግን የወንዝን አካሄድና የመንገድን መጋጠሚያ በጆሮ ብቻ ሰምቶ በልብ መሣል ያስቸግራል። ስለዚህ ጣት የዓይንን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ይገባል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሹም የነበረው ሐኪም ሳሙኤል ግሪድሊ ሃው፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1837 ዓመት የአገሩን ግዛቶች ካርታ ያለ ቀለም በወፍራም ወረቀት ላይ፤ መስመሩና ፊደሉ ከፍ ብሎ በጣት እንዲዳሰስ አድርጎ አሳትሟል።

ከዚያ ወዲህ ዘዴው በዝቷል። አንደኛው፤ ሲባጎ፤ ጨርቅና የብርጭቆ ወረቀት በካርቶን ላይ ማጣበቅ ነው። ይህ በየትኛውም ትምህርት ቤት በጥቂት ገንዘብ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚገኘው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ሁለተኛው፤ ቀጭን ፕላስቲክ በሙቀት አለስልሶ በዚህ ዓይነት ናሙና ላይ መዘርጋትና ከሥሩ ያለውን አየር መምጠጥ ነው፤ ፕላስቲኩም የናሙናውን መልክ ስለሚይዝ ብዙ ቅጂ ይገኛል። ሦስተኛው፤ በተለየ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ሥሎ በማሞቂያ ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ ጥቁሩ ሙቀቱን ስለሚስብ መስመሩ ያብጣል። ይህ ሥራን ያፋጥናል፤ ሆኖም ያበጠው ሁሉ ቁመቱ ያው አንድ ነው።

ከመሣሪያው ምርጫ ይልቅ የሚከብደው ግን የአሠራሩ ማስተዋል ነው። ለዓይን የተሠራውን ካርታ እንዳለ አጕልቶ ማተም ታላቅ ስሕተት ነው። ዓይን ገጹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይመለከታል፤ ጣት ግን አንዱን ካንዱ እያስከተለ ዳስሶ መላውን በልብ ይሰበስባል። ስለዚህ ሠሪው የማያስፈልገውን ይተው፤ ወንዙን በአንድ ገጽ፤ መንገዱን በሌላ ገጽ ይለይ፤ በምልክትና በምልክት መካከል 3 ሚሊሜትር ያህል ቦታ ይተው፤ ስሙንም በብሬል ፊደል አሳጥሮ ጽፎ መፍቻውን ለብቻው ያድርግ።

እንዲህ ያለውን ካርታ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ከማሳተማቸው አስቀድሞ ናሙናውን ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች ሰጥተው ሊያስመረምሩ ይገባል። በዓይን አይቶ አማረ ማለት ምስክርነት አይሆንም። የአንባቢው ጣት መንገድ ከሳተ፤ የሚታረመው ካርታው ነው እንጂ አንባቢው አይደለም። የወጡን ጣዕም የሚናገር የበላው እንደ ሆነ ሁሉ፤ የዚህንም ካርታ ደግነት የሚፈርደው በጣቱ ያነበበው ነው።