የቤተ ሰብ ትምህርት፤ ግሥን የሚመሩ ታናናሽ ቃላት

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የሚያድግ የክርስቲያን ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ቋንቋ ይሰማል። በቅዳሴ ጊዜ ግእዝ፣ በሠፈርና በገበያ አፋን ኦሮሞ፣ በብዙ ቤትም አማርኛ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ይሰማል። ከእነዚህ መካከል ወላጆችን እጅግ የሚያሳስባቸው የመጨረሻው ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ቋንቋው ያልገባው ልጅ ትምህርቱም አይገባውምና። ብዙዎች እናቶችና አባቶች «እኛ ራሳችን እንግሊዝኛ አልተማርንም፤ ልጃችንን በምን እንርዳው?» ሲሉ ይሰማሉ። ዛሬ የምንጽፈው ለእነርሱ ነው። ልጃቸውን የሚረዱበት መሣሪያ በገዛ አንደበታቸው ይገኛልና።

ረጅሙንና ከባዱን የእንግሊዝኛ ቃል ተማሪው መዝገበ ቃላት ገልጦ ያገኘዋል። የሚያሰናክለው ሁሉ ሰው የሚያውቀው አጭሩ ቃል ነው። «ጌት» የሚለውን ግሥ እንመልከት። መምህሩ በመጀመሪያው ዓመት ትርጓሜው «አገኘ፣ ተቀበለ» መሆኑን ያስተምራል። ልጁም ይህን ይዞ ሲሄድ «ጌት አፕ» ከእንቅልፍ ተነሣ፣ «ጌት ዳውን» ወረደ፣ «ጌት ባክ» ተመለሰ፣ «ጌት አዌይ» አመለጠ፣ «ጌት አሎንግ» ተስማምቶ ኖረ፣ «ጌት ስሩ» ችግሩን ወይም ፈተናውን አለፈ፣ «ጌት ኦቨር» ከሕመሙ ወይም ከኀዘኑ ተጽናና ማለት ሆኖ ያገኘዋል። ማግኘትና መቀበል ወዴት ሄዱ? የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሳሙኤል ጆንሰን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1755 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ፣ ግሥን ከታናሽ ቃል ጋር እያጣመሩ ፍቺውን መለወጥ ለባዕድ ሰው እጅግ የሚያስቸግር ነገር መሆኑን አስቀድሞ አመልክቶ ነበር።

ነገር ግን ይህ አሠራር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በአማርኛ «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። ሆኖም «ሽማግሌው ቁጭ አለ» ብንል «ምን ብሎ ተናገረ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብድግ አለ፣ ዝም አለ፣ ጐንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ዘወር አለ፣ ደስ አለው እንላለን። በእነዚህ ሁሉ «አለ» የመናገር ፍቺውን ትቶ ጊዜንና ባለቤትን ብቻ ተሸክሟል። ቁጭ አልሁ፣ ቁጭ አለች፣ ቁጭ በሉ እያለ የሚለዋወጠው እርሱ ነው፤ «ቁጭ» ግን ሳይለወጥ ፍቺውን ይዞ ይቀመጣል። የእንግሊዝኛው «ጌት»ም እንዲሁ ነው። ብዙ እጅ እንደ ነካው ሳንቲም መልኩ ስለ ደበዘዘ፣ አድራጎቱን የሚያስታውቀው ከጎኑ የቆመው ታናሽ ቃል ነው።

አፋን ኦሮሞ የሚናገር ቤተ ሰብ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ቅርብ መንገድ አለው። «ጄዼ» እንደ አማርኛው «አለ» መናገርን የሚያመለክት ግሥ ነው፤ ዝም በል ለማለት ግን «ጨል ጄዺ» ይባላል። ከዚህም በላይ «ኦል» ወደ ላይ፣ «ገድ» ወደ ታች የሚያመለክቱ ሁለት ታናናሽ ቃላት አሉ። «ኦል ከኢ» ተነሥ፣ «ገድ ታኢ» ተቀመጥ፣ «ኦል ኢላሊ» ወደ ላይ ተመልከት፣ «ገድ ቡኢ» ውረድ ማለት ነው። እንግሊዛዊውም «ጌት አፕ፣ ሲት ዳውን፣ ሉክ አፕ፣ ጌት ዳውን» ይላል። ልዩነቱ ኦሮምኛው ታናሹን ቃል ከግሡ በፊት፣ እንግሊዝኛው ከግሡ በኋላ ማስቀመጡ ነው። ስለዚህ በወለጋ ቤት ያደገ ልጅ የእንግሊዝኛውን አካሄድ ግማሹን ከእናቱ ጀርባ ላይ ሳለ ተምሮታል።

ግእዝና አማርኛ ግን አቅጣጫን በግሡ ውስጥ ይሰውሩታል። በግእዝ ዐርገ፣ ወረደ፣ ቦአ፣ ወፅአ፤ በአማርኛ ወጣ፣ ወረደ፣ ገባ ብንል፣ ላይና ታች፣ ውስጥና ውጭ በአንዱ ቃል ተጠቃልለው ይሰማሉ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል አንድ ቃል ብቻ ምእመናንን ሁሉ ያቆማል። በዚህ የለመደ ጆሮ እንግሊዝኛ ሲያነብ ፍቺውን ከግሡ ብቻ ይፈልግና ታናሹን ቃል ዘልሎት ያልፋል። የብዙ ተማሪ ስሕተት ሥሩ ይህ ነው።

ስሕተቱም ቀላል አይደለም። «ጊቭ» ሰጠ፣ «አፕ» ወደ ላይ መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ በዐቢይ ጾም «ዊ ጊቭ አፕ ሚት» የሚል ቢያነብ «ሥጋ ወደ ላይ እንሰጣለን» ብሎ ይተረጕማል። ትርጓሜው ግን «ሥጋ እንተዋለን» ነው። ሐኪም አንድ በሽተኛ አልኮል «ጊቭ አፕ» እንዲያደርግ ቢጽፍለት፣ እንዲተወው ማዘዙ ነው። ቃሉን በተሳሳተ መንገድ ያነበበ ሰው የሚጐዳው በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም።

እንዲህ ያለው ምሳሌያዊ ፍቺም በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። በአማርኛ ትሑት ሰው «ራሱን ዝቅ አደረገ» ይባላል፤ በአፋን ኦሮሞም ትሕትና «ገድ ኦፍ ዴቢሱ»፣ ራስን ወደ ታች መመለስ ነው። ሥጋዊው «ታች» መንፈሳዊ ፍቺ አገኘ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ሉክ ዳውን ኦን» ሌላውን መናቅ፣ «ሉክ አፕ ቱ» ደግሞ ማክበር ነው። ላይና ታችን በልባችን የምናውቅ እኛ ይህን ለልጅ ማስረዳት አይሳነንም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የታሪክ ነገር እናስታውስ። ከባርነት ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጕሞ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1899 በግእዝ ፊደል አሳትሟል፤ በ1923 ዓ.ም.ም በነቀምቴ ዐረፈ። በሃይማኖት መንገዱ ከስዊድን ሚሲዮን ወገን ስለ ነበረ ከእኛ ቢለይም፣ የቤት ውስጥ ቋንቋ ለታላቅ ነገር የሚበቃ መሆኑን በሥራው አስመስክሯል። የዚህን አገር ቋንቋ «ለትምህርት አይረባም» የሚል ሰው ይህን ይመልከት።

አሁን ወደ ተግባር እንግባ። በመጀመሪያ፣ ልጁ በደብተሩ አንድ ገጽ ላይ «ጌት»ን ብቻ ይጻፍና ከሥሩ ታናናሾቹን ቃላት ይደርድር፤ በየአንዳንዱም ፊት ፍቺውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። በአንድ ምሽት ሦስት ይበቃሉ። ሁለተኛም፣ ቃሉን ከሥራ ጋር ያገናኘው፤ ሲነሣ «ጌት አፕ»፣ ሲመለስ «ጌት ባክ» ይበል። ወደ መናኸሪያ ሲሄድም ልብ ይበል፤ አውቶቡስ፣ ፈረስና ብስክሌት ላይ ሲወጣ «ጌት ኦን»፣ ባጃጅና ታክሲ ውስጥ ሲገባ ግን «ጌት ኢን» ይባላል። ሲወርድም ከመጀመሪያዎቹ «ጌት ኦፍ»፣ ከኋለኞቹ «ጌት አውት» ነው። ሦስተኛም፣ የቃሉን ሥፍራ ይጠብቅ። መጽሐፉን አስቀምጥ ለማለት «ፑት ዳውን ዘ ቡክ» ወይም «ፑት ዘ ቡክ ዳውን» ማለት ይቻላል፤ በስሙ ፈንታ ተውላጠ ስም ሲገባ ግን «ፑት ኢት ዳውን» እንጂ «ፑት ዳውን ኢት» አይባልም።

ከሁሉ በላይ ግን እንግሊዝኛ እንዲገባው ብለን ልጁ የእናቱን ቋንቋ እንዲተው አናድርግ፤ ሲሳሳትም አንሣቅበት። የለመደውን ቋንቋ ያፈረበት ልጅ የሚያነጻጽርበት ሚዛን ያጣል፤ አዲሱንም በጭፍን ይሸመድዳል። አያቱ «ይህን በእኛ ቋንቋ እንዴት እንለዋለን?» ብላ ብትጠይቀው፣ እንግሊዝኛ ሳታውቅ መምህሩን ትረዳዋለች፤ ልጁም የአያቱን ዕውቀት ማክበር ይማራል።

ልሳንን የሰጠ አምላክ ልጆቻችንን በማስተዋልና በትሕትና ያሳድግልን። አሜን።